ትርፍ የማይጭነው ከድር

ሚስቴ ለከድር ያለቀሰችውን ያህል ለአባቴ አላለቀሰችም። ይህን የምለው የሞተ አባቴን ከሚስቴ ጋር ላጣላ ፈልጌ አይደለም፤ ያየሁትን ነው። ኦሎምፒያ ባለው መሥሪያ ቤቴ ሳለሁ ስልክ ተደውሎልኝ ሳነሳው ሰብለ ናት፤ መናገር አቅቷት ትንሰቀሰቃለች። «ምንድን ነው? እናትሽ ናቸው?» ብላት «ከድር!» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ቀብሩ በዕለቱ ነበር። የመገናኛና የገርጂ መስመር ሚኒባሶች ሥራ አቁመው ሰዉን በነፃ ሲያመላልሱ ዋሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባለሱቁም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ከድር ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ የማላውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። አፈር እየለበሰ ባለ ሰው መቅናት ይቻላል? እኔ ችያለሁ። የሰዉን ብዛት እያየሁ «እኔ ስሞት ከዚህ ሩቡስ ይመጣ ይሆን?» እያልኩ ቆሜ ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከድር የወሎ ልጅ ነው። ደሴ ተወልዶ ኮምቦልቻ መኪና መንዳት የተማረ። ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ገርጂ ከኛ ግቢ ጎን ያለውን ቤት ገዝቶ ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር ገባ። በራሱ ሚኒባስ ከመገናኛ ገርጂ ይሠራ ነበር። ቁመቱ ከኔ ትከሻ አይዘልም፤ ድምፁ ግን ሦስተኛው ግቢ ይሰማል። ቁም ነገር ሊናገር ሲል ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና መታ መታ ያደርገዋል። ያንን ካየህ አንድ ነገር ሊመጣብህ ነው ማለት ነው።

በኛ በር ሲያልፍ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። ለኔ አይደለም፣ ለእናቴ ነው። እናቴ ከኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ክላክሱን ስትሰማ ፊቷ ይበራና «ከድሬ ገባ» ትላለች። እኔ ከሥራ ስገባ ደግሞ ቀና ብላ «በላህ?» ትለኛለች። ይኸው ነው። ለሱ ፊቷ ይበራል፤ ለኔ «በላህ?» ትላለች።

እሱ እስኪመጣ ድረስ የሰፈሩ የቪዲዮ ሰው እኔ ነበርኩ። ሊሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ላይ ዴክና ካሜራ ገዝቼ፣ ቁም ሣጥን ሙሉ ካሴት አጠራቅሜ ነበር። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ምንም ነገር መጣል አልወድም። ከቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት፣ ኳስ ጨዋታ፣ ከቪዲዮ ቤት የተዋስኩት ፊልም፣ የቤተሰብ ልደት፣ ሁሉንም እቀዳለሁ። የምቀዳውም በኤልፒ ነው። ዴኩ ሁለት ዓይነት አቀዳድ ነበረው፦ ኤስፒ ካሴቱን በመደበኛ ፍጥነት ያስኬደዋል፤ ኤልፒ ደግሞ በግማሽ ፍጥነት። በኤልፒ የሦስት ሰዓቱ ካሴት ስድስት ሰዓት ይይዛል። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ይሁን እንጂ እጥፍ ነው። ካሴት በማይገኝበት አገር እጥፍ እያለ ነጠላ የሚመርጥ ሰው ጤነኛ አይመስለኝም ነበር።

ከድርን ወንድሙ ከጅዳ ዴክና በእጅ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ላከለት። ካሜራዋን ይዞ እኔ ጋ መጣ። «መስፌ፣ አንተ አዋቂው፣ ይቺ ማብሪያ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ኤስፒና ኤልፒን እንደ አስተማሪ ተንትኜ አስረዳሁት። ቆቡን አወለቀ። ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ስለዚህ ኤልፒ ትርፍ መጫን ነው በለኛ!»

«እንደዚያም በለው፤ ግን ጥቅሙ…»

«እኔ ሚኒባሴ ላይ ትርፍ እጭናለሁ። ትራፊኩም ያውቀዋል፣ ወላሂ። ሰዉ ግን ገርጂ ሲደርስ ወርዶ ይተነፍሳል። ካሴት ላይ የተጫነው የት ይወርዳል? ዘላለሙን ተጨናንቆ ሊኖር ነው?»

ሰብለ ከጓዳ ሳቋ ተሰማኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ከድር ትርፍ አይጭንም» የሰፈሩ ቀልድ ሆነ። በሦስት ሰው ወንበር አራት ሰው የሚያስቀምጥ፣ በር ላይ ሰው የሚያንጠለጥል ሹፌር «ትርፍ አይጭንም» ሲባል የሚገርመው ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

የሱ መደርደሪያ ላይ ካሴት ብዙም አይታይም። አንድ ካሴት፣ አንድ ጉዳይ። ቀድቶ ሲጨርስ ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት ከጎኑ ያለችውን ፕላስቲክ በቢላ ይሰብራታል። የቀረው ባዶ ቦታ ባዶ ይቀራል። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ ሲባክን ሳስብ ያሳክከኝ ነበር። ሰው ግን ካሴት ለማየት ወደሱ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን እናቴ «እስቲ የፋሲካውን አሳየኝ» አለችኝ። የፋሲካው ከኳስ ጨዋታና ከአንድ የህንድ ፊልም በኋላ ነበር፤ ካሴቱን ወደፊት ሳጠነጥን፣ አለፍኩት ብዬ ወደኋላ ስመልስ፣ ዞር ስል የለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ከድር ቤት ሄዳለች። እዚያ ያለው ደግሞ የዒድ ካሴት ነው። ፋሲካ አጥታ ዒድ አይታ መጣች፤ ደስ ብሏትም ነበር።

የእህቴ የትዕግስት ሠርግ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። እኔ ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። ካሜራዬን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ የድንኳኑ ጥግ አቆምኩና በገመድ ጠረጴዛ ሥር ካለው ዴክ ጋር አገናኘሁት። በኤልፒ። ከሙሽራው መግባት ጀምሮ እስከ ኬክ ቆረሳው አንድም ነገር ላያመልጠኝ። ከድር ትንሿን ካሜራውን አንጠልጥሎ መጣ። የሷ ካሴት ትንሽ ናት፤ በኤስፒ ግማሽ ሰዓት ብቻ ትይዛለች።

«ለዛሬ እንኳ በኤልፒ አድርጋት፤ አንድ ሰዓት ይሆንልሃል» አልኩት።

«አብሽር! የሚያልቅ ከሆነ ይለቅ» ብሎ ወደ ጓሮ ጠፋ።

ጓሮ ምን አለ? ሙሽሮቹ ያሉት ድንኳኑ ውስጥ ነው። እሱ ግን ካሴቷ አጭር ስለሆነች ሁሉን መቅረጽ አይችልም፤ መምረጥ አለበት። ለመምረጥ ደግሞ ሰዉ አጠገብ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ያስቃል፣ ከዚያ ቀይ ቁልፏን ይጫናል። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም። ያኔ ያየሁት አንድ አጭር ሰው ከወጥ ሠሪዎች ጋር ሲገለፍጥ ነው። ዘሃራ በጓሮ በኩል ለእስላም እንግዶች ለብቻው የታረደውን ስታሰናዳ ነበርና እሷን ሊረዳ የሄደ መስሎኝ ተውኩት።

በሰፈራችን ልማድ ሠርግ ካለፈ በኋላ ጎረቤት ተጠርቶ ካሴቱን ያያል። ሰው ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ቀደምኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ጢም አለ። የመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ራሱን ይፈልጋል። ግን ካሜራዬ ጥግ ላይ ስለቆመ ሰዉ ሁሉ ጀርባና ጭንቅላት ነው። ቀስ በቀስ ወሬ ተጀመረ። ከዚያ አንዷ «ቤት ልጅ ትቼ ነው» ብላ ተነሳች፤ ሌላው «ቀብር አለብኝ» አለ። በእሑድ ማታ ምን ቀብር አለ? ኬኩ ሲቆረስ የቀረነው እኔ፣ ሰብለ እና የተኛች እናቴ ነበርን።

በሳምንቱ ከድር ጠራ። «ግማሽ ሰዓት ናት፤ ወላሂ ሳትሰለቹ ታልቃለች!» እያለ በየበሩ ለፈፈ። የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶ በር ላይ ሁሉ ቆሟል። በካሴቷ ውስጥ ሙሽራው አንዴ ብቻ ነው የሚታየው፤ ኬኩማ ጭራሽ የለም። ያለው ወጥ ሠሪዎቹ ጨው በዛ አልበዛም ብለው ሲጣሉ፣ አክስቴ ጫማዋ ጠቦባት ከወንበር ሥር አውልቃ ስትደብቀው፣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ መቀመጫ ሲገፋፉ ነው። ሳቁ ጣራ ነካ። «መልሰው! መልሰው!» ይላሉ። እኔም ሳቄ አምልጦኛል፤ ወዲያው ዋጥኩት እንጂ።

ከዚያ ድንገት እናቴ ስክሪኑን ሞላችው። ትስቃለች። አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ የጎደለ ጥርሷን ሳትደብቅ። እንዲህ ስትስቅ በዕድሜዬ አላየኋትም።

«እልልል! አቤት ሳቅ!» አለች አንዷ ጎረቤት። «እማማ አስካለ ለከድር እንዴት ነው የሳቁለት!»

ምን ተብላ እንደምትስቅ በጫጫታው አልተሰማኝም፤ ካሴቷ እስክታልቅ እንኳ ሳልጠብቅ ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ስለዚያች ካሴት ሲያወራ «እማማ ለከድር የሳቁባት» ይላት ነበር። እኔ የወለደችኝ፣ እኔ የማኖራት፣ እኔ መድኃኒቷን ከፋርማሲ የማመጣ፤ ሳቋ ግን የከድር። ለኔ የደረሰኝ «በላህ?» ነው።

እኔም አልሸነፍ ብዬ ወደ አዲሱ ዕቃ ዞርኩ። ቦሌ አንድ ሱቅ ካሴትን ወደ ዲስክ መገልበጥ ጀምሮ ነበር፤ ቪሲዲ የሚሉት። ዲስክ አይሻግትም፣ አይቆረጥም፣ የፈለግኸው ቦታ በአንድ ቁልፍ ይደርሳል። ኤልፒ ካሴቶቼን በሙሉ በሻንጣ አሸክሜ ወሰድኩ። ዲስኮቹን ተቀብዬ ስመለስ የቁም ሣጥኑ ሸክም በአንድ እጄ ይያዝ ነበር። ካሴቶቹን እዚያው ለባለሱቁ ተውኩለት፤ ምን ያደርጉልኛል? ከድርን ራሴ ጠራሁት። እንዲቀና ነበር የፈለግሁት፤ እንዲያው አንዴ እንኳ።

ተቀምጦ የሠርጉን አየ። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳሉ ምስሉ ኩልል ያለ ነው። ጭፈራው ሲጀመር ግን ሰዉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጥ ጀመር፤ የሚዘለው ሁሉ ፊቱ የወለል ንጣፍ ሆነ። ባለሱቁ አስረድቶኝ ነበር፤ ዲስኩ ቦታ ለመቆጠብ የማይንቀሳቀሰውን እንዳለ ይተወዋል፣ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ያድሳል፣ ሁሉም ባንዴ ሲንቀሳቀስ ይጨንቀዋል። ይህንኑ ለከድር ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ።

«ዝም ያለውን ሰው ያከብራል፣ የሚጨፍረውን ይበታትናል» አለ። «ሰው ሲደሰት የማይችል ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«ዲስኮቹ ስድስት ሰዓት እኮ ነው የያዙት!»

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» አለች ሰብለ፣ ሻይ እያቀረበች። እስከ ራት አላናገርኳትም።

እናቴ በዓመቱ አረፈች። ሳሊተ ምሕረት ቀበርናት። የዚያን ቀን ከድር ሚኒባሱን ለለቃሽ ሰጥቶ፣ ወንበር ሲያወርድ፣ ውኃ ሲያመላልስ ዋለ። ከሩቅ የመጡ አንድ የእናቴ ዘመድ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ዙሪያውን አዩና ቀጥ ብለው እሱ ጋ ሄዱ። እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ያጥናህ ልጄ፤ ደህና እናት ነበረችህ» አሉት። እሱም እያለቀሰ «አሜን» አለ። ልጇ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዓይኑ ከኔ ይልቅ ያበጠው የሱ ነበር፤ ሰውዬው ምን ያድርጉ?

ከቀብር በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ፊቷን ማየት። የሠርጉን ዲስክ ከፈትኩ። እናቴ ከድንኳኑ ማዶ ጥፍር አክላ ተቀምጣለች። ተነስታ እልል ስትል ፊቷ አራት ማዕዘን ይሆናል። እኔ ጋ ያለችው እናቴ ይህቺ ናት። ከአጥሩ ማዶ፣ የከድር መደርደሪያ ላይ፣ ስክሪን የምትሞላው አለች። አንድ ቀን ራሱ ደጃፌ ላይ ቆሞ «መስፌ፣ የእማማን ካሴት ልገልብጥልህ?» አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «እኔም አለኝ» አልኩት። ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ምንም ሳይል መልሶ አደረገው። ያን ቆብ አውልቆ ዝም ያለበት ቀን ያ ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ እንጂ ወርቁስ የገዛ እናቴ ነበረች።

እሱ በአጭር ሕመም ከሞተ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘሃራ አስጠራችኝ። ጥቁር ሻሿን ወደኋላ እየሰበሰበች ከዴኩ ፊት ወንበር አቀረበችልኝ።

«ሆስፒታል ሳለ ነው ያለኝ» አለች። «‹መስፍን አይጠይቅም፤ አንቺ ጠርተሽ አሳዪው፤ ካሴቷን ስጪው› ብሎኛል። ‹ዲስክ ውስጥ እንዳይጨምቃት በይው› ብሏል ደግሞ።» በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። «ሻጋታ ጀምሯታል። ብዙ ጊዜ አትታይም።»

ትንሿን ካሴት ትልቅ ካሴት በሚመስለው ማቀፊያዋ አድርጋ ዴኩ ውስጥ ከተተቻት። ወጥ ሠሪዎቹ አለፉ። አክስቴ ከጫማዋ ጋር አለፈች። ከዚያ እናቴ መጣች፤ ድንኳኑ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉርሻ ትጠቀልላለች። ያኔ በሰዉ ሳቅና ጫጫታ ያልተሰማው የከድር ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ይሰማል።

«እማማ፣ ይቺ ጉርሻ ለኔ ናት?»

«ላንተማ አትሆንህም፤ የኛ ሥጋ ናት። ያንተ በዘሃራ በኩል አለልህ፤ ሂድ ብላ።»

«ታዲያ ለማን ናት?»

«ለልጄ ነዋ! ያውልህ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። እህል በአፉ አልዞረም።»

«ይተዉት እማማ! እሱ ሠርጉን ሁሉ ጭኖ ነው የሚሄደው። ትርፍም አለበት!»

ያን ጊዜ ሳቀች። አንገቷን ወደኋላ ጥላ። ስትስቅ ዓይኗን ተከተልኩት። ካሜራውን አታይም። ከድርንም አታይም። ከትከሻው በላይ አሻግራ ወደ ድንኳኑ ጥግ ነው የምታየው። ያን ጥግ አውቀዋለሁ፤ ሦስት እግሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እየሳቀች ጉርሻዋን ይዛ ብድግ አለች። አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ካሴቷም አለቀች።

ስክሪኑ ዝናብ ብቻ ሆነ። ዘሃራ ዴኩን አጠፋችው።

«እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ይናደድ ነበር» አለች። «‹ይቺን ብቻ በኤልፒ ባደረግኳት! ጉርሻው ይድረስ አይድረስ የመስፍን ካሴት ብቻ ነው የሚያውቀው› ይላል። ‹ታዲያ ሂድና እይዋ› ስለው ‹እሱ ተቀይሞኛል፤ እፈራዋለሁ› ይለኝ ነበር።»

ከድር እኔን ይፈራ ነበር። እኔ ዘንድ ያለ፣ እሱ የሌለው ነገርም ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስንት ዓመት የተመኘሁት ነው። አላለኝም።

ካሴቷን ወደ ቤት ወስጄ በሌላ ካሴት ገለበጥኳት፤ በኤስፒ፣ ሌላ ምንም ሳልጨምርባት። ከዚያ ዲስኮቼን አወጣሁና ያቺን ሰዓት ፈለግሁ። አገኘኋት። ከድንኳኑ ማዶ ጥፍር የምታክል ሴት ከአግዳሚ ወንበር ተነሳች። አጭሩ ሰውዬ ካሜራውን እየነካካ ከኋላዋ ቆሞ ቀረ። ሰዉን እያለፈች ወደ እኔ መጣች። በቀረበች ቁጥር አራት ማዕዘኖቹ እየበዙ ሄዱ፤ ፊቷ መድረስ ባለበት ቦታ ግራጫ ንጣፍ ብቻ ነው። ከዚያ ነጠላዋ ሌንሱን ሸፈነውና ሁሉም ነጭ ሆነ።

ድምፁ ግን አለ። ደብዝዟል፣ ቢሆንም ይሰማል። «እንካ፣ አፍህን ክፈት» ትላለች። ከዚያ የሚያላምጥ ሰው። ከዚያ የገዛ ራሴ ድምፅ፣ አፉ እንደሞላ፦ «እማዬ፣ ካሜራውን ጋረድሽው።»

ጉርሻው ደርሶኛል፤ አላስታውሰውም እንጂ በልቻለሁ። ዓይኔን ግን ከካሜራው አላነሳሁም። ጉርሻው የኔ ነበር፤ ይዛልኝ ስትነሳ የነበራትን ፊት ያየው ከድር ነው። ዛሬም እቀናበታለሁ።